ከሰል ዳር የቆመው ከበሮ

ሰሞኑን ጫማ ሰፊው ጋ ተቀምጬ ዝናቡ እስኪያባራ ስጠብቅ፣ ሰውየው አንድ የራሰ ቆዳ ጫማ ከሰሉ አጠገብ አስደግፎ አቆመ። ትንሽ ቆይቶ ሽታው መጣ፤ የሞቀ እርጥብ ቆዳ፣ ጠርዙ ላይ ማረር የጀመረ። «አርቀው እንጂ!» ብዬ ጮህኩበት። ሰውየው ደንግጦ አየኝ። ጫማው የእኔ አልነበረም። ይቅርታ ጠይቄው በዝናቡ ወጣሁ።

ካነሳሁት አይቀር ልንገርህ። ደብረ ማርቆስ አስራ አንደኛ ክፍል ሳለን ባንድ ነበረን፤ ያውም የፓንክ ሮክ ባንድ። መሳቅ ትችላለህ፣ ያኔም ያልሳቀብን አልነበረም። ሦስት ነበርን። ጊታር የምትመታው ልጅ አባቷ ገበያው ዳር የሬዲዮና የስልክ ዕቃ የሚሸጡ ሙስሊም ነጋዴ ነበሩ። ለደንበኛ ፍላሽ ላይ ዘፈን የምትጭነው እሷ ስለነበረች፣ አንድ ቀን ከማን ፍላሽ እንደተገለበጠ ያልታወቀ የፈረንጅ ጩኸት አገኘች። እያንዳንዱ ዘፈን ሁለት ደቂቃ አይሞላም። «ይሄንማ እኛም እንችላለን» አለች። እውነቷን ነበር፣ የወደድነውም ለዚሁ ነው። የእኔ ድምፅ ለምንም የማይሆን ስለነበር ጯሂ ሆንኩ። ከበሮ መቺያችን የመሪጌታ ልጅ ነበር። ከአባቱ ጎን ማኅሌት ቆሞ ያደገ፣ እጁ የማይሳሳት ልጅ፤ ለእኛ ግን የቀለም ባልዲ ገልብጦ ነበር የሚመታው።

የምንለማመደው ከሱቁ ጀርባ ባለው መጋዘን ነው። በዚያ ዓመት መንገዱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። ስልክ ይጠፋል። አዋቂዎች ቤት ውስጥ እንኳ የሚያወሩት በሹክሹክታ ነበር። እኛ ግን ቆርቆሮው እስኪንቀጠቀጥ «መብራት ሄደ፣ ውሃ ሄደ፣ እኛ አለን! እኛ አለን!» እያልን እንጮሃለን። ነጋዴው በሩን ገፋ አድርገው «ልጆቼ፣ ደንበኛ ሸሸኝ እኮ» ይሉና ሳቃቸውን ደብቀው ይመለሳሉ።

ሰኔ ላይ ለትምህርት ቤቱ መዝጊያ በዓል ሁለት ዘፈን ተፈቀደልን። ባልዲ ይዘን መድረክ አንወጣም ብዬ ድርቅ ያልኩት እኔ ነኝ። መሪጌታው የደብሩን ትልቅ ከበሮ ጠፍሩን ሊያጠብቁ ቤታቸው አምጥተውት እንደነበር አውቃለሁ።

«ንዋየ ቅድሳት ነው እኮ» አለኝ ልጁ።

«ለአንድ ቀን ነው፤ ማን ያያል?» አልኩት። ሳምንቱን ሙሉ ነዘነዝኩት።

በበዓሉ ዋዜማ ከሰዓት በኋላ በነጠላ ጠቅልሎ፣ በዝናብ ይዞት መጣ። ቆዳው እርጥበት ስቦ ላልቷል፤ ስትመታው ፍራሽ የምትመታ ይመስልሃል። ከሰል አቀጣጥለን፣ ከበሮውን እሱ ራሱ አንድ ክንድ ያህል አርቆ አቆመው። «እንዳታስጠጋው። ቀስ ብሎ ነው የሚሞቀው» አለኝና ከጊታሯ ልጅ ጋር ድምፅ ማጉያ ሊያመጡ ሄዱ። ብቻዬን ቀረሁ። በጣቴ ነካ ነካ አደረግሁት፣ አሁንም ልል ነው። ትንሽ ገፋሁት። ዝናቡን እያየሁ ቆየሁና ደግሜ ገፋሁት። «ጧ!» ሲል ዘልዬ ተነሳሁ። የከበሮው ሰፊ ፊት ከዳር እስከ ዳር ተሰንጥቆ፣ ጠርዙ እየጨሰ ነበር።

ሲመለሱ ልጁ አልሰደበኝም። ተንበርክኮ ስንጥቁን በአውራ ጣቱ ዳበሰው። ከዚያ «ከቤት ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ ያቃጠልኩትም እኔ ልሁን። አንድ ሰው ይበቃል» አለ። አይሆንም ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። እንዲያውም በልቤ እፎይ አልኩ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በማግስቱ ባልዲውን እንደዚያን ቀን መትቶት አያውቅም። አንዱን ዘፈን ሳንጨርስ ርዕሰ መምህሩ መብራቱን አስጠፉብን። እኛም ያለ ማጉያ ጨረስነው። ተማሪው ከወንበሩ ተነስቶ «እኛ አለን!» እያለ አብሮን ሲጮህ፣ ልጁ ላብ እየዘነበበት ወደ እኔ ዞሮ ሳቀ።

መሪጌታው ከቤት ማውጣቱንስ በንስሐ ይተዉለት ነበር። የቆረጣቸው ቃጠሎው ነው። «ቆዳ እሳት እንደማይጠጋ በሰባት ዓመቱ አስተምሬዋለሁ። እያወቀ ነው ያነደደው፣ ንቆ ነው» አሉ። ቅኔ ይማር ብለው ወደ ዲማ ሰደዱት። እስከ ሉማሜ ሸኘሁት። ሻይ ቤት ተቀምጠን መኪና ስንጠብቅ በማንኪያው ጠረጴዛውን ይመታ ነበር፤ ድንገት አቆመና «ጉልበታቸውን ስስም እጃቸውን ራሴ ላይ አላሳረፉም። ሳልመረቅ ነው የምሄደው» አለኝ።

«ዛሬውኑ ሄጄ እነግራቸዋለሁ» አልኩት።

«ተው፣ አሁን ንዴታቸው ትኩስ ነው። አንተንም አይሰሙህም። ለፋሲካ ስመጣ አብረን እንነግራቸዋለን።»

እንደገና እፎይ አልኩ። ሁለተኛዬ ነው።

ለፋሲካ መንገዱ ተዘጋ። በሰሙነ ሕማማት በእግሩ ተነሳ፣ መንገድ ላይ ተኩስ መሃል ገባ። ማን በማን ላይ እንደተኮሰ የነገረን የለም። ስልክ ስላልነበረ መርዶውን ያመጣው ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ በእግሩ የመጣ የቆሎ ተማሪ ነው። እዚያው ቀብረውታል። የጊታሯ ልጅ አሁን ደምበጫ አግብታ የራሷን ሱቅ ከፍታለች። ስንደዋወል ስለ ባንዱ አናነሳም። አንዴ ብቻ «ነገርካቸው?» አለችኝ። አልነገርኳቸውም አልኳት። «እንግዲያው ተወው። ምርቃታቸውን በከንቱ እንደነፈጉት አውቀው እንዴት ያድራሉ?» አለች።

ያን ቀን ግን ከጫማ ሰፊው ተነስቼ፣ ልብሴ እየተንጠባጠበ፣ ቀጥታ መሪጌታው ቤት ሄድኩ። ልናገር ቆርጬ ነበር። ዓይናቸው ደክሟል፣ በድምፄ ነው የለዩኝ። «ምነው በዝናብ? ሰላም አይደለህም እንዴ?» አሉኝ። አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ይቅር ብዬው ነበር እኮ» አሉ። «ለፋሲካ ሲመጣ ልነግረው ነበር። ልጅ ያጠፋል፣ አባት ይቅር ይላል። እኔ ዘገየሁበት።»

አላጠፋም የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። ፊታቸውን አየሁና ዋጥኩት። ልሰናበታቸው ጎንበስ ብዬ ጉልበታቸውን ሳምኩ። እጃቸውን ዘርግተው በዳበሳ ራሴን አገኙት፣ ዝናብ ባራሰው ፀጉሬ ላይ አሳረፉት፣ አላነሱትም። «ልጄን የሚያስበው አንተ ብቻ ነህ። ከክፉ ይሰውርህ፣ ደጅህ አይዘጋ፣ ወልደህ ለመሳም ያብቃህ» እያሉ ረጅም፣ በጣም ረጅም ምርቃት መረቁኝ። እጃቸው ሙቅ ነበር። አንገቴን ደፍቼ እስከ መጨረሻው «አሜን» አልኩ።