አጥቤ የጣልኩት ሆድ ዕቃ

እኔ ዓሣ ሳጥብ ውሃው ካልጠራ እጄን አላነሳም። ዶሮም ቢሆን እንደዚያው ነው። እዚህ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ በምሠራበት ሆቴል እንኳን ሱፐርቫይዘሬ እኔ የማጸዳቸውን ክፍሎች ቼክ ማድረግ ከተወች ቆይታለች። ታዲያ ይኼው ጉራዬ ነው ጉድ የሠራኝ።

ልጄ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ዩኒቨርሲቲ ትማራለች። የምታጠናው ላየንፊሽ ስለሚባል ዓሣ ነው፤ እኔ አንበሳ ዓሣ እለዋለሁ። አገሩ ሕንድ ውቅያኖስና ቀይ ባሕር ነው አሉ። በቤቱ ሲያሳድገው የነበረ ሰው ባሕር ውስጥ ለቆት ይሁን እንጃ፣ አሁን የፍሎሪዳን ባሕር ሞልቶታል። ይህን ስትነግረኝ «ማን ዲቪ ሞላለት?» ብዬ ሳቅሁባት። እሷ አልሳቀችም። ኮራል የሚሉት የባሕር ድንጋይ መሃል የሚኖሩት ትንንሽ ዓሦች ስለማያውቁት አይሸሹትም አለችኝ፤ ቀስ ብሎ ይጠጋቸውና ዋጥ ያደርጋቸዋል፣ ሽሪምፑንም፣ ያገኘውን ሁሉ። እኔ በስልክ ከእህቴ ጋር እያወራሁ ነበር የምሰማት፤ በመሃል «እሺ፣ እሺ» እላለሁ። ምን እንደበላ እንዴት እንደሚታወቅ ወደማስረዳቱ ስትሄድ ጭራሽ ጆሮዬን አልሰጠኋትም።

ባለፈው ሰመር ዓሣውን ከሚያጠምዱ ጠላቂዎች ጋር ፍሎሪዳ ከርማ፣ ፀሐይ አክስሏት ተመለሰች። ያመጣችውን ዓሣ ትምህርት ቤት የምታስቀምጥበት ፍሪዘር ስለሞላ፣ አስተማሪዋን አስፈቅዳ ሲልቨር ስፕሪንግ እኛ ቤት ከተተችው። አንድ ዓርብ እንዲቀልጥ ብላ ወደ ፍሪጁ አዛወረችው። «እማዬ፣ እንዳትነኪው፣ እሾሁ መርዝ አለው» ብላኝ ቅዳሜ ጠዋት ሥራዋ ሄደች። እኔ የገባኝ ለእጄ እንደሳሳች ነው። እውነቴን ነው፣ ሌላ ነገር አልመሰለኝም።

ፍሪጁን ስከፍት ዓሣው ሆድ ዕቃው እንኳን አልወጣም። ኤዲያ! እዚህ ያደገች ልጅ ዓሣ ማጽዳት ከየት ታውቃለች፣ እንዲሁ ልትጠብሰው ነው አልኩ። ወፍራም ጓንት አጠለቅኩ፣ እሾሁን በመቀስ ቆራረጥኩት፣ ሆዱን ቀደድኩት። የአንዱ ሆድ ውስጥ ትንንሽ ዓሦች ተደርድረው አገኘሁ፤ የአንዷማ ሰማያዊ ቀለሟ ገና አልለቀቀም፣ ዓይኗ ሳይቀር ደህና ነበር። «ቱ! አንተ ሆዳም» አልኩና ከነጨጓራው ሲንኩ ውስጥ ጥዬ፣ እዚያው ሥር ያለውን የትርፍራፊ መፍጫ አስነሳሁት። ሁሉንም እንደዚያ አደረግኩ። ከዚያ በሎሚ፣ በጨው፣ እንደገና በሎሚ። የዓሣው ውስጥ ነጥቶ እንደ አዲስ ሳህን አበራ። ትሪ ላይ ደርድሬ ፍሪጅ ውስጥ መለስኩትና እስክትመጣ ደስ ብሎኝ ስጠብቃት ዋልኩ።

መጣች፣ ፍሪጁን ከፈተች፣ ትሪውን አየችው።

«እማዬ፣ ሆዱስ?»

«አጸዳሁልሻ!»

«የት አደረግሽው?»

«ሲንኩ ፈጨው። ምነው?»

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ እጇን ሲንኩ ቀዳዳ ውስጥ ከትታ መዳበስ ጀመረች። ምንም አላገኘችም።

«እሱ ነበር እኮ ሥራዬ» አለችኝ፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «የበላውን ከሆዱ አውጥተን ነው የምናውቀው። ለመመረቂያዬ የምጽፈው እሱን ነበር።»

እኔ ደግሞ አፍሬ ዝም እንደ ማለት ተቆጣሁ! «እና ቤቱን ስታገሚው ልይሽ? በደንብ አትነግሪኝም ነበር?» ነግራኛለች እኮ። ቃሉ ከአፌ ሳይወጣ ትዝ አለኝ፤ ቁጭ ብላ፣ አማርኛው ሲያጥራት በእጇ እያሳየች ነግራኛለች፣ እኔ ግን ወሬዬን እያወራሁ ነበር። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

እጇን ታጥባ አስተማሪዋ ጋ ደወለች። እዚያው ኩሽና ቆማ በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ ለዚህ ለዚህማ የእኔም እንግሊዝኛ አያንስም። «እኔ ነኝ ያበላሸሁት» አለችው። «ሳላስብ አጽድቼ ጣልኩት።» ሰውየው ምን እንዳላት አልሰማሁም። እሷ ግን አንገቷን ደፍታ «ይቅርታ» ትላለች፣ ቆይታ ደግሞ «ይቅርታ»። «አይ፣ ሌላ ሰው የለበትም» አለች። እኔ ፎጣዬን እንደያዝኩ አጠገቧ ቆሜያለሁ። «ኧረ እኔ ነኝ» ለማለት ምን ይፈጅ ነበር? ሥራ ቦታ ማናጀር ፊት እንኳን የማልፈራው ሴትዮ የጸዳውን ሲንክ እንደገና መወልወል ያዝኩ።

ስትጨርስ «ለምን ዋሸሽ?» አልኳት።

«ትምህርት ቤት እንዲስቁብሽ አልፈልግማ» አለች።

እኔ ነበርኩ እሷን ሰው እንዳይስቅባት የምጠብቃት። ትምህርት ቤት ስልካት ልብሷን ተኩሼ፣ ፀጉሯን ሠርቼ፣ የምሳ ዕቃዋ እንዳይሸት በላስቲክ ላይ ላስቲክ ጠቅልዬ ነው ያሳደግኳት። አሁን ተገለባብጦ እኔ የምደበቅ ሆንኩ?

«ደውይና ስጪኝ፣ እኔ ልንገረው» ብዬ እጄን ዘረጋሁ።

«በቃ ተይው፣ እማዬ» አለችና ስልኩን ኪሷ ከተተችው።

ያኔ ምን ተሰማኝ መሰላችሁ? ልጄ የሰመር ድካሟን አጥታ፣ በእኔ ፈንታ ተዋርዳ፣ ዓይኗ እንደቀላ ፊቴ ቆማለች። እኔ ግን ስልኩን ስላልሰጠችኝ እፎይ አልኩ።