ነጩ የመኪና ወንበር

ባሌ ስዩም መርሳ ከተማ ላይ ጋራዥ ነበረው። ጋራዥ ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ከቤታችን አጥር ጋር የተያያዘ የቆርቆሮ ጥላ፣ አንድ ክሪክና አንድ ሳጥን መፍቻ ነው። በዚያ ጥላ ሥር የሰው መኪና ከሚቆምበት ቀን ይልቅ የራሱ መኪና የምትውልበት ቀን ይበዛ ነበር። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ጣሪያዋ ሸራ የሆነ፣ ቀይ የጣሊያን የእሽቅድምድም መኪና ናት። መንገድ ሥራ ላይ የነበረ አንድ ጣሊያን አብዮቱ ሲመጣ ጓዙን ጠቅልሎ አገሩ ሲገባ፣ ለዓመታት ላገለገለው ለስዩም ትቶለት ሄደ። የመርሳ ሰው "ቀይዋ ሙሽራ" ይላት ነበር። እኔ ጣውንቴ ነበር የምላት።

ጣውንት ብትሆንም የምናስታምማት አብረን ነው። ያኔ ከተሠራች አሥራ አምስት ዓመት አልፏታልና አንድ ቦታ ሳያማት የምታድርበት ቀን አልነበረም። የቤንዚን ታንከሯ ሲያንጠባጥብ ስዩም ደረቅ ሳሙና እያሸ ይደፍነዋል። ዘይት ሲያፈስሳት ካርቶን ቆርጦ በብረቱ መካከል ያስገባል። የሞተሩን እሳት የሚጭሩትን ካንዴላዎች ፈግፍጎ፣ በቤንዚን አጥቦ ፀሐይ ላይ ይደረድራቸዋል። ፍሬኗ አየር ሲይዝ ደግሞ ያለ እኔ አይሆንለትም። እሱ ከሥር ይተኛል፤ እኔ መሪው ጋ ተቀምጬ "ርገጪ፣ ያዢ፣ ልቀቂ" ባለኝ ቁጥር እረግጣለሁ፣ እይዛለሁ፣ እለቃለሁ። አንድ ቀን "ልቀቂ ስትለኝ እምቢ ብልስ?" ብለው፣ ከሥር እንደተኛ እንፋታለን አለኝ። ልብስ ሰፊ ስለሆንኩም ሸራዋ በተቀደደ ቁጥር መርፌው የእኔ ነበር።

ጣጣው የመጣው ከቀበሌው ሊቀ መንበር ከወልዴ ነው። ወልድያ ላይ ስብሰባ ባለ ቁጥር "ለአብዮቱ ሥራ" እያለ መኪናዋን ይወስድ ጀመር። በሦስተኛው ጊዜ የሞተሯ ሆድ በድንጋይ ተሰንጥቆ፣ ዘይቷን መንገድ ላይ ጨርሳ በበሬ ተጎትታ ገባች። ስዩም ትንፍሽ አላለም። ያን ሰሞን ሰው በአንድ ቃል ይታሰር ነበር። ስንጥቁን አስበይዶ ካዳናት በኋላ ግን ዘዴ አመጣ። እሳቱን ለካንዴላዎቹ የምታከፋፍል፣ የአውራ ጣት ራስ የምታክል ጥቁር ቁራጭ አለች፤ እሷ ከወጣች ሞተሩ አይነሣም። ስብሰባ ሲቃረብ ያቺን ነቅሎ ይሰጠኛል፣ እኔም የመርፌና ክር ቆርቆሮዬ ውስጥ ከአዝራሮቹ ጋር እደባልቃታለሁ። መኪናዋ ስብሰባ ሲደርስ ትታመማለች፣ ስብሰባው ሲያልፍ ይሻላታል። አርጅታለችና ወልዴም አመነ። እኛም በሩን ዘግተን እንስቅበት ነበር።

በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት መኸር ላይ የወንበሮቿ ልብስ ተበጣጥሶ ስፖንጁ መታየት ጀመረ። ስዩም አንድ የጭነት መኪና ጠግኖ ስለ ድካሙ ከደሴ የመጣ፣ የለፋ ነጭ የበግ ቆዳ ተሰጥቶት ነበር። በወስፌ እየበሳሁ አንድ ወር ሙሉ ሰፋሁት። ጣቶቼ ቆስለው ሽንኩርት መክተፍ አቅቶኝ ነበር። ስጨርስ ስዩም ስፌቱን ዳር ዳሩን ዳብሶ፣ ጣሊያኑም እንዲህ አድርጎ አላሠራውም አለ። አሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ስኖር እንደዚያ ያመሰገነኝ ቀን የለም። እውነቱን ለመናገር መኪናዋን መውደድ የጀመርኩት ያን ቀን ነው።

ወንበሩን በጨረስኩ በሦስተኛው ቀን ረፋዱ ላይ ሰዎች ቃሬዛ ተሸክመው ደጃችን አወረዱ። ቃሬዛው ላይ ያለችው የጎረቤታችን የባለሱቁ የደምሴ ሚስት ውባለም ናት። የመጀመሪያ ልጇ ነው፤ ምጡ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ሆኗል። ጤና ጣቢያው አሁኑኑ ወልድያ ሆስፒታል ውሰዷት ብሏል። የማለዳው አውቶቡስ አልፏል፤ የጭነት መኪኖቹ ለዘመቻ ተወስደው መንገዱ ጭር ብሏል። ወልድያ ደግሞ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ነው። መኪናዋ በዚያ ሳምንት ስብሰባ ስለነበረ "ታማ" ቆማለች። ከተሸካሚዎቹ አንዱ ራሱ ወልዴ ነበር። ላቡን እየጠረገ ስዩምን እንደምንም አስነሣት ብሎ ለመነው።

ስዩም የሞተሩን ክዳን ከፍቶ ጥቂት ነካካና ቀና ብሎ አየኝ። "እታፈራሁ፣ እስኪ ጨርቅ አምጪልኝ" አለኝ።

ገባኝ። ቁራጯን በጨርቅ ጠቅልዬ እንዳመጣለት ነው። ማንም ሳያይ ይተክላታል፤ ሞተሩ ሲነሣ ጠገንኩት ይላል፤ ማንም ምንም አያውቅም። ገብቼ ቆርቆሮውን ከፈትኩ። ቁራጯን በእጄ ያዝኩ። በመስኮት ስመለከት የውባለም ደም በቃሬዛው ሥር ይንጠባጠባል። የመኪናዋ በር ተከፍቶ ነጩ ወንበር ይታየኛል። ያንን ደም በሐሳቤ ወንበሩ ላይ አየሁት። ደግሞ ያን አንድ ወር አሰብኩ። ቁራጯን መልሼ ከአዝራሮቹ መሐል ጣልኳትና ባዶ ጨርቅ ይዤ ወጣሁ።

ስዩም ጨርቁን ዘርግቶ አየው። ከዚያ እኔን አየኝ። ወልዴን ፈርቼ መሰለው፤ የእኔ ፍርሃት የመሰለው ነገር ወደ እሱ ተጋባና እሱም ፈራ። ራሱ ገብቶ ማምጣት አልደፈረም። ካንዴላ እየፈታ መልሶ ያስራል። መፍቻው አምልጦት መዳፉ ተቀደደ። ደምሴ ከጎኑ ቆሞ፣ ሚስቱ እያቃሰተች፣ ነጠላውን ቀዶ የስዩምን እጅ አሰረለት። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። ግን ቆርቆሮው እዚያው ነበር፤ ያን ጊዜም ተመልሼ መግባት እችል ነበር። ጥቂት ቆይቶ ወልዴ በእግርም ቢሆን እንሂድ አለና ቃሬዛውን አንሥተው በወልድያ መንገድ ላይ ወዳለችው ወደ ሲሪንቃ ሮጡ።

ሰዎቹ ከዓይን ሲርቁ ስዩም ፈርተሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አዎ አልኩት። እኔም ፈራሁ ብሎ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። ጥፋቱን እኩል ሲካፈለኝ ዝም አልኩት።

ከሲሪንቃ ወዲያ አንድ የጭነት መኪና አግኝተው ከሰዓት በኋላ ወልድያ ገቡ። ሴት ልጅ ተወለደች፤ ሮማን አሏት። ውባለምም ተረፈች፤ ነገር ግን ደሙ አልቆም ብሎ ማሕፀኗ ወጣ። ከእንግዲህ አትወልድም።

ደምሴ ከወልድያ ሲመለስ መጀመሪያ የመጣው እኛ ቤት ነው። ስዩም እጁ እስኪቀደድ እንደለፋለት በየደረሰበት ያወራል። ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ስትነሣ የክርስትና እናት ያስፈልጋታልና፣ ከስዩም ቤት ሌላ አልሻም ብሎ እኔን ለመነኝ። እንዴት እምቢ ልበል? ምን ብዬ? እሺ አልኩ።

ሰባ ስምንት ቀን ቻልኩት። በሰባ ዘጠነኛው ቀን ውባለም ብቻዋን ስትሆን ጠብቄ ሄድኩና ሁሉንም ነገርኳት። ለስዩም ያልነገርኩትን ወንበሩንም ጭምር። ሕፃኗን እያጠባች አንዴም ሳታቋርጠኝ ሰማችኝ።

"ወንበሩ እንዳይበላሽ?" አለች።

"አዎ።"

ልጇን ወደ ሌላው ጡቷ አዛወረች። ሁልጊዜ እትዬ ነበር የምትለኝ፤ ያን ቀን ግን አላለችኝም።

"ለደምሴ አትነግሪውም" አለች። "ወንድም አገኘሁ ብሎ ነው የሚኖረው፤ እሱን አትንጠቂው። ነገም ልጄን ትታቀፊያታለሽ፤ ሌላ ሰው ባደርግ ለምን ተብሎ ይጠየቃል። ግን ስሚ። ወንድም እህት ለምን የለኝም ብላ የጠየቀች ቀን፣ የምትነግሪያት አንቺ ነሽ።"

በማግሥቱ ሮማንን ታቅፌ ቤተ ክርስቲያን ቆምኩ። ቄሱ እንዳዘዙኝ በእሷ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ። ድምፄ ሲንቀጠቀጥ ደምሴ ደስታ መስሎት ጀርባዬን መታ መታ አደረገኝ።

ከዚያ ወዲህ ስዩም ያቺን ቁራጭ ነቅሎ አያውቅም። መኪናዋን ወልዴም ወሰዳት፣ ሌላውም ወሰዳት፤ በሽተኛ ከተገኘም ሳይጠሩት ይደርሳል። ወንበሩ ዘይትና አቧራ ጠጥቶ ቡና ዓይነት ሆኗል። እኔም አልነካሁትም።

ዘንድሮ ሮማን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ መጥታ አጠገቤ ቁጭ ብላ ስፌት ትማራለች። ባለፈው ቅዳሜ ክሩን መርፌው ላይ ስታስገባ ቆየችና፣ ቀና ሳትል፣ "እማማ፣ እኔ ለምንድን ነው ወንድም እህት የሌለኝ?" አለችኝ።

"እግዚአብሔር አልፈቀደማ" አልኳት።

አመነችኝ፤ መስፋቷንም ቀጠለች።