ጎመን በመብላቴ የተላኩብኝ ሽማግሌዎች

ባሌን በቀበርን በሦስተኛው ቀን፣ ሰበታ ባለው ቤታችን በር ላይ በተተከለው ድንኳን ውስጥ፣ እህቱ ሳህኔን አየችና አጠገቧ ለተቀመጠችው ሴት፣ «ሐዘንተኛ እንዲህ ትበላለች?» አለቻት። ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነው ያለችው። ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ፊት ሁለት ጉርሻ ቀምሼ እነሳለሁ። ቤቴ ስሆንም ሻይና ዳቦ ሆነ ኑሮዬ። ባሌ ከሞተ ሃያ ዓመት ሲሞላው አልጋ ላይ መዋል፣ በር ሲንኳኳ ዝም ማለት ለመድኩ። ልጄ ጎትታ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ድባቴ ነው ብሎ መድኃኒት ጻፈልኝ፤ የምበላውንም ጠየቀኝ። ከመድኃኒቱ ጋር ምስር፣ ጎመንና ፍራፍሬ በሰዓቱ ብበላ፣ ቅቤና ጣፋጭም ብቀንስ ሊያግዘኝ እንደሚችል ነገረኝ። ተአምር ግን አትጠብቂ አለኝ። ጊዜው ዐቢይ ጾም ስለነበር አበላሌን ማንም ልብ አላለም። ጾሙ ሲያልቅ ጠዋት መነሳት ቀሎኝ፣ ጓሮዬን መኮትኮት ጀምሬ ነበር። ይህን ማጣት ፈራሁ።

በፋሲካ የባሌ እህት ሱሉልታ ቤቷ ጠራችን። ቅቤ የተንሳፈፈበት ዶሮ ስታቀርብ እኔ ጎመን የቋጠርኩበትን ምሳ ዕቃዬን ከፈትኩ። እየጠላኋት ማዕዷን ስቀምስ ፍቅር መስሏት ኖሯል፤ ለጤናዬ ብዬ ስተወው ተቀየመችኝ ብላ ሽማግሌ ላከች።

ሁለት ነበሩ፤ ከቡራዩ የመጡት የባሌ አጎትና ሰፈሩ ኦቦ የሚላቸው ገበሬ ጎረቤቴ። እሷም ለቅሶ የመጣች ይመስል ነጠላዋን አዘቅዝቃ ተከተለቻቸው። የሐኪሙን ምክር አስረዳሁ።

ኦቦ፣ «ጎመን በጤና ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ በሐኪም የታዘዘ መሆኑን አላወቅሁም» አሉ።

አጎትየው አላመኑም። «ሽማግሌ በባዶ አይመለስም። በደሏን ተናገሪ» አሉኝ።

ድንኳኑ ውስጥ ያለችውን ተናገርኩ። እሷ ጨርሶ አላስታወሰችውም። እነሱ ተመካክረው ፈረዱ፤ እርቁ በማዕድ ይጸናል፣ ማዕዱም ሐኪም ያዘዘው ይሆናል፣ እሷ በየቅዳሜው ከሱሉልታ እየመጣች አብራኝ ትበላለች።

አዲስ አበባን አቋርጣ፣ ታክሲ ቀያይራ ትመጣለች። መጀመሪያ ፊቷን አጨማድዳ ትውጠው ነበር። በአራተኛው ቅዳሜ ጎመን ጨምሪልኝ አለች። ሳህኗን አየሁ።

«እንዲህ ትበያለሽ?» አልኳት።

እጇ ባለበት ቆመ። ሃያ ዓመት ያቆየሁላት ነበር። ከዚያ ጨመርኩላት። ይቅር ብያት አይደለም፤ ብቻዬን ስሆን ሻይና ዳቦ ያምረኛል።

ሐኪሙ ምን እንደረዳኝ ሲጠይቀኝ መድኃኒቱና ጎመኑ ነው አልኩት። እሷን አላነሳኋትም።