እጅሽን አውሺኝ

ከሟቹ ታላቅ ወንድሜ የሐዘን ዱዓ ማግስት ጠዋት እሱ ግቢ ውስጥ ሦስት ነበርን። ልጁ አብዲ ከአባቱ አሮጌ ፒክአፕ ፊት ቆሟል፤ ያመጣው መካኒክ ሞተሩ ላይ አጎንብሷል፤ እኔ በመኪናውና በግንቡ መካከል፣ ሁልጊዜ በምቆምበት ጠባብ ቦታ ነበርኩ።

ወንድሜ ያንን መኪና ጋራዥ አስገብቶት አያውቅም። ሞተሩ ዘይት ባንጠባጠበ ቁጥር ዘይቱን የሚያግደውን የጎማ ቀለበት እዚሁ ቤቱ ይቀይራል። የእሱ ወፍራም እጅ ከሞተሩ ጀርባ ስለማይገባ፣ "እጅሽን አውሺኝ፣ አቦ!" ብሎ ይጠራኛል። እሱ ከወዲያ ሲገፋ እኔ የቀለበቱ ጠርዝ እንዳይታጠፍ በጣቴ እዳስሳለሁ። "ደህና ነው" ሳልለው ቀለበቱን መትቶ የሚያስገባበትን መዶሻ አያነሳም ነበር።

መካኒኩ ቀለበቱን አውጥቶ አሳየን። አዲስ ነው፤ ጠርዙ ግን ታጥፏል።

"ይሄ ሳይዳሰስ በግምት የተመታ ነው" አለ።

"አባዬ መጨረሻ ላይ እጁ ከድቶት ነበር" አለ አብዲ። "ከጭሮ እስከ በደሳ መንገዱን ዘይት አጠጣው እኮ!" ሁለቱም ሳቁ።

ወንድሜ ከመታመሙ በፊት በነበረው ሳምንት ይህንኑ ቀለበት ሊቀይር ጠርቶኝ ነበር። ለሶላት ታጥቤ ውዱእ አድርጌ ስለነበር እጄ ዘይት እንዳይነካው ብዬ "ነገ" አልኩት። በማግስቱ ስመጣ ብቻውን ጨርሶ እጁን ይታጠብ ነበር። "ቀረሽ" እንኳ አላለኝም።

"እጁ አልከዳውም" አልኩ። "ጠርቶኝ አልመጣሁም።"

ሳቃቸውን አቋርጠው አዩኝ። ከግንቡ ሥር ወጥቼ ሻሼን አስተካከልኩና ወደ ቤቴ ሄድኩ።