አንዲት ትርፍ ፊደል

ልጄ ፕሌኖ ከተማ የነበራትን ደህና የቢሮ ሥራ ትታ ቢራ ጠማቂ ከሆነች ዓመት አለፋት። እኔ ግን ለሚጠይቀኝ ሁሉ «ኬሚስትሪ ላይ ናት» እላለሁ። ምን ውሸት አለው? እርሾም ኬሚስትሪ ነው። መሥሪያ ቤቷን ግን አንድም ቀን ረግጬ አላውቅም ነበር። ባለፈው ቅዳሜ «አባዬ፣ ፕሊስ፣ አዲስ ቢራ ሠርቻለሁ፣ አንዴ ብቻ ና» ስትለኝ እምቢ ማለት አቃተኝ።

ቢራ መጥመቂያው ካሮልተን ከተማ፣ ከባቡሩ ሐዲድ አጠገብ ነው። ባሕር ለማየት ግማሽ ቀን መንዳት ያስፈልጋል፤ እነሱ ግን መጋዘን ውስጥ አሸዋ ደፍተው፣ የላስቲክ ዘንባባ ገትረው፣ ደሴት ነን ብለዋል። ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ጎልማሶች አበባ የፈሰሰበት ሸሚዝ ለብሰው የማንጎ ቢራ ያሸታሉ። አይጠጡትም፣ ያሸቱታል። አጠገቤ ያለው ዓይኑን ሲጨፍን ጸሎት ላይ መስሎኝ ድምፄን ቀነስኩ።

ልጄ በጌሾ የጠመቀችውን ቢራ በጣሳ አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች። ጣሳው ላይ በትልልቅ የአማርኛ ፊደል «የአባቴ ጠላት» ተብሎ ታትሟል።

ሳቄን በግድ ዋጥኩት። እውነቱን ለመናገር ደስም አለኝ፤ ፊደል ያስቆጠርኳት እኔ ነኝ፣ በዚያ ሁሉ አዋቂ መሀል የማርመው ነገር አገኘሁ።

«የኔ ልጅ፣ መጨረሻ ላይ ያለችው ‹ት› ትርፍ ናት። ጠላ ነው የሚባለው» አልኳት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ታዲያ?»

«ማለቴ... አንተ ቢራዬን ሄት ታደርጋለህ። ሶ፣ ጠላትህ ነው። ከጠጣኸው ‹ት›ዋን ሪሙቭ አደርጋለሁ።»

የምገባበት ጠፋኝ። ዓመት ሙሉ ልጄን በኬሚስትሪ ሸፍኜ የደበቅኳት እኔ፣ አሁን ደግሞ ፊደል ላርም ተነሳሁ!

ጣሳውን ከፍቼ ሳላሸት ጠጣሁ። ጌሾው መረር ይላል፤ ጥሩ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። አልኳትም። ፊቷን አዙራ ሌላ ልታመጣ ሄደች።

ያኔ አጠገቤ ያለውን የዚያን ጢማም ሰውዬ ትከሻ ነካ አድርጌ፣ ሳይጠይቀኝ፣ «ይህን የጠመቀችው ልጄ ናት» አልኩት።

«እናውቃለን» አለኝ። «ዓመቱን ሙሉ ‹አባቴ በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል› ስትለን ነበር።»