የሁለት ቋንቋ እሺታ

ሊዋይዋይ ማናላስታስ ከፊሊፒንስ ተነሥታ ፖላንድ ስትገባ የምታውቀው የፖላንድኛ ቃል አንድም አልነበረም። የምትሠራበት የእንጉዳይ እርሻ አጠገብ ያለችውን ከተማ፣ ሺድልጼን፣ በስሟ ለመጥራት እንኳ አንድ ሳምንት ፈጅቶባታል። ፖላንድ በገባች በአሥራ አንደኛው ዓመት ግን ገበያ ላይ ከቲማቲም ሻጮች ጋር ተከራክራ ዋጋ ታስቀንሳለች፤ ለአገሯ ልጆች ሐኪም ቤት ሄዳ ትተረጉማለች፤ ሲያናድዷትም በፖላንድኛ ትሳደባለች። «በአገሬ ቋንቋ በታጋሎግ ስሳደብ ቃሉ ይረዝምና ሳልጨርስ ቁጣዬ ይበርዳል። ፖላንድኛ ግን ጥርስ ላይ ነው የሚሰበር» ትላለች።

ይህን ሁሉ የተማረችው ከአንድ የትምህርት ቤት ደብተር ነው። እያንዳንዱን ገጽ መሃል ለመሃል አስምራ፣ በግራ ታጋሎግ በቀኝ ፖላንድኛ ትጽፋለች። የጀመረችው በቤተ ክርስቲያን ነበር። አባታችን ሆይን በታጋሎግ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ እሁድ እሁድ ፖላንዶቹ ሲደግሙት እየሰማች፣ ትርጉሙን አስቀድማ በያዘችው ጸሎት ላይ ቃሎቻቸውን አንድ በአንድ ገጠመቻቸው። ታጋሎጉ በየዕለቱ የምንበላውን ስጠን ሲል፣ ፖላንድኛው ዳቦ ብሎ ቁርጡን እንደሚናገር ያወቀችው ያኔ ነው። ይህንን አስምራበታለች።

ከዚያ በኋላ ደብተሩ እየሞላ ሄደ። ታጋሎግ አንድን ነገር ለማብዛት ቃሉን ሁለት ጊዜ ይጠራል፤ ፖላንድኛ የቃሉን ጅራት ይለዋውጣል። ታጋሎግ ወንዱንም ሴቱንም በአንድ ቃል ይጠራል፤ ፖላንድኛ ወንበሩን ሳይቀር ይለያል። ስለዚህ አዲስ የሚመጡት የፊሊፒንስ ሴቶች የፈረቃ ኃላፊዋን ግራዢናን ለወራት «እሱ» ይሏታል። ግራዢናም አገጯን እየዳበሰች «ዛሬም ጢም አወጣሁ?» ትላለች።

ሮዌና ከመጣች አራት ወሯ ነው። ሃያ አራት ዓመቷ፤ እጇ ፈጣን፣ ድምጿ ዝቅ ያለ። ማክሰኞ ጠዋት ግራዢና ወደ ሰባት ቁጥር ክፍል ወስዳት፣ «ከሁለት ጣት የሚያንሱትን እንጉዳዮች አትንኪ፤ ለነገ እጥፍ ይሆናሉ። ገባሽ?» አለቻት። ሮዌና «እሺ» አለች። ከምሳ በፊት ሁለት መደርደሪያ ትልቅ ትንሽ ሳትል ላጭታ ጨርሳ ነበር።

ግራዢና ቢሮ ገብታ ሮዌናን ለላካት ድርጅት የስንብት ደብዳቤ ጻፈች። ከተፈረመበት ሮዌና በሳምንቱ ወደ አገሯ በሚመለስ አውሮፕላን ላይ ናት። ሊዋይዋይ ጓንቷን ሳታወልቅ በሩን ከፈተች።

«ወይዘሮ ግራዢና፣ ያንን ወረቀት አይፈርሙት።»

«መጀመሪያ አንቺ በይኝ። ብርጭቆ አጋጭተን አንቺ ከተባባልን ሁለት ዓመት አልሆነንም?»

«በስድስት ዓመት ይበልጡኛል። አፌ እምቢ ይለኛል።»

«ለክርክር ግን እምቢ ብሎሽ አያውቅም። ልጅቷ ዋሽታኛለች። ገባሽ ወይ አልኳት፣ እሺ አለች።»

«አልዋሸችም። አከበረችዎት።»

«ሁለት መደርደሪያ ላጭታ ነው የምታከብረኝ?»

ሊዋይዋይ ደብተሩን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። «እኛ ዘንድ ታላቅ ሰው ሲናገር መልሱ እሺ ነው። ሰማሁዎት ማለት ነው። አልገባኝም ብትል እርስዎ ማስረዳት አልቻሉም ብላ በሰው ፊት እንደ መናገር ነው። እናንተ ዘንድ እሺ ፊርማ ነው። ይኸው፣ ግራና ቀኙ።»

«ታዲያ ቤት ሲቃጠልም እሺ ነው የምትሉት?»

«ቤት ሲቃጠል እንጮኻለን።»

ግራዢና ሳትፈልግ ሳቀች፤ ወዲያው ፊቷን መልሳ አኮሳተረች። «አንቺ ግን ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ ‹አይሆንም› ስትይኝ ኖረሻል።»

«ከእናንተ ነው የተማርኩት። እሷም ትማራለች። ‹ገባሽ?› አይበሏት። ‹ምን አልኩሽ?› ይበሏት። አሁኑኑ እንሂድ። መመለስ ካቃታት ይፈርሙ፤ እኔ ራሴ እስክሪብቶ አቀብልዎታለሁ።»

ግራዢና ወረቀቱን ይዛ ተነሣች።

ሮዌና በመተላለፊያው ላይ ቆማ እያለቀሰች ነበር። «እትዬ፣ ይቅርታ ጠይቂልኝ» አለች በታጋሎግ።

«አልጠይቅልሽም። ራስሽ ትናገሪያለሽ። ያልገባሽን አልገባኝም በያት።»

«በሠራተኛው ሁሉ ፊት? እሷን አያሳፍራትም?»

«ፖላንዳዊት ናት እኮ! ደስ ነው የሚላት።»

«እትዬ፣ ትቀልጃለሽ።»

«ፊትሽን ጥረጊ፤ ነይ።»

ሰባት ቁጥር ውስጥ አራት ሴቶች ይለቅሙ ነበር። ግራዢና ሦስተኛው መደርደሪያ ዘንድ ቆመችና እንደ ልማዷ በአንድ ትንፋሽ አወረደችው። ተጠጋግተው የበቀሉት ላይ ከዳር ያሉት ይቆረጣሉ፤ የመሃሎቹ ቦታ አግኝተው እንዲያድጉ ለነገ ይቆያሉ፤ አንድ መደርደሪያ ባለቀ ቁጥር ቢላዋው የጀርም መድኃኒት ያለበት ባልዲ ውስጥ ይነከራል።

«በይ፣ ምን አልኩሽ?»

«የዳሮቹን እቆርጣለሁ» አለች ሮዌና። «የመሃሎቹን... ለነገ እተዋለሁ። ቢላዋውን...»

ቆመች። ለቃሚዎቹ ግንባራቸው ላይ ያሰሯቸው መብራቶች አንድ በአንድ ወደ እሷ ዞሩ። ዓይኗ ሊዋይዋይን ፈለገ፤ ሊዋይዋይ ግን ግድግዳው ላይ ያለውን የሙቀት መለኪያ ማንበብ ጀመረች። ሹክ ልትላት ትችል ነበር። አላለቻትም። ግራዢና እስክሪብቶዋን ከኪሷ አወጣች።

«ቢላዋው አልገባኝም» አለች ሮዌና።

ግራዢና ልጅቷን ትክ ብላ አየቻት፤ ከዚያ ቢላዋውን ከእጇ ተቀብላ ባልዲው ውስጥ ነከረችውና አወጣችው። «እንዲህ። አንድ መደርደሪያ በጨረስሽ ቁጥር። ምን አልኩሽ?»

ሮዌና ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው መለሰችላት። ግራዢና ወረቀቱን ለሁለት፣ እንደገና ለአራት ቀድዳ የተቆረጠው ሥር የሚጣልበት ሳጥን ውስጥ ጣለችው።

«ወይዘሮ ግራዢና» አለች ሮዌና፣ እጇን እያፍተለተለች።

«ደግሞ ምን?»

«በጣም ፈጥነው ነው የሚያወሩት።»

ከለቃሚዎቹ አንዷ ሳቋ አመለጣት። ግራዢና ዞር አለች፤ «ሊዋይዋይ! ይኸንንም አንቺ ነሽ ያስተማርሻት?»

«እሱን እንኳ ከእርስዎ ነው የተማረችው» አለች ሊዋይዋይ። ሮዌና አጎንብሳ ከሦስተኛው መደርደሪያ ዳር መቁረጥ ጀምራ ነበር።