የኮርቻው ፈረስ ጋሪ የጎተተ ዕለት

የተወደዳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ፈልጌ ነው የተነሣሁት። ወገቤ ብዙ አያስቆመኝምና ተቀምጬ ባወራ ቅር አይበላችሁ። ዘመኑን በትክክል አላስታውሰውም። ባጃጅ ዳንግላን ከሞላ በኋላ ነው፤ ክረምቱ ሊወጣ የተቃረበ ሰሞን ይመስለኛል። ጌታ ያውቀዋል፤ ስሙ ይባረክ።

እኔ ጋሪ ነጂ ነኝ። ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ሰውና እህል ከመናኸሪያ ገበያ፣ ከገበያ ወፍጮ ቤት ሳመላልስ ኖርሁ። ከዚያ ፈረሴ ሞተ። ሌላ የምገዛበት አልነበረኝም። ጋሪዬን ግድግዳ አስደግፌ በጀርባዬ መሸከም ጀመርሁ፤ በዚያ ዕድሜ። ብዙም ሳልቆይ ወገቤ ተቀጨ። ሐኪሙ ልጅ እግር ነው። «አባባ፣ ይሄ ወገብ ከእንግዲህ ሸክም አይችልም። ተቀምጠው የሚሠሩት ሥራ ይፈልጉ» አለኝ።

«ተቀምጦ የሚሠራማ እንጅባራ ቢሮ ያለው ነው ልጄ፤ እኔን ማን ያስቀምጠኛል?» አልሁት። ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። ቤቴ ስገባ ግን ደከመኝ። የሥራ ድካም አይደለም ወገኖቼ፤ ሥራ የማጣት ድካም ነው። እሱ ተኝተው ቢያድሩም አይለቅም።

በከተማችን አንድ የባላባት ልጅ ነበሩ። አባታቸው አገሩን የገዙ ሰው ናቸው፤ የእኔ አባት ደግሞ የእሳቸውን በቅሎ እየሳበ በእግሩ ይሄድ ነበር። መሬቱ በደርግ ጊዜ ሄደና ለልጅየው የቀረው ግቢው ነው። ጌታን ተቀብለው ነበርና በዚያ ግቢ ዳስ ጥለው ሥራ ያጣውን ያሠሩ ነበር። ሴቶቹ ጥጥ ይፈትላሉ፣ ወጣቶቹ በርጩማ ይሠራሉ፣ ሽማግሌዎቹ ገመድ ይገምዳሉ። እሳቸው ጠዋት የቀን ሠራተኛ ከሚቆምበት ይሄዱና ጉልበተኛው ተመርጦ ሲያልቅ የተረፈውን፣ ማንም ያልፈለገውን ይዘው ይመለሳሉ።

ሰው ግን ያማቸው ነበር። «ጴንጤ ሊያደርጋችሁ ነው» ይል ነበር። እኔም ፈርቼ ቀረሁ። የገፋችኝ ባለቤቴ ናት። «ሄደህ እይ እንጂ ሰውዬ፤ ሃይማኖትህን ከኪስህ አያወጡት» አለችኝ።

ሄድሁ። «ምን ትችላለህ?» አሉኝ።

«ጋሪ መንዳት። ጋሪ አለኝ፣ ፈረስ የለኝም። ግን ጌታዬ፣ አስቀድሜ ልንገርዎ፤ ሃይማኖቴን አልለውጥም።»

«አሁን የቸገረህ ፈረስ ነው ሃይማኖት?»

«ፈረስ።»

«እንግዲያው ስለ ፈረስ እንነጋገር» አሉ።

አንድ ፈረስ ብቻ ነበራቸው፤ ዳማ፣ የኮርቻ ፈረስ። በፈረሰኞች በዓል ቀይ ጥልፉን ለብሶ ሲወጣ አገር ቆሞ የሚያየው። መቼም ታውቁታላችሁ፤ በእኛ በአዊ የኮርቻ ፈረስ ለጋሪ አይጠመድም። ለፈረሱም ለባለቤቱም ውርደት ነው። እሳቸው «ከዛሬ ጀምሮ ያንተ ነው» ብለው ጥልፉን በገዛ እጃቸው አወለቁ። የወንድማቸው ልጅ ደንግጦ «ኧረ ጋሼ፣ አገር ምን ይላል?» አላቸው።

«አገርማ ጋሪ ላይ ይሳፈራል» አሉት።

ዳማው ጋሪ የት ያውቃል? ጋሪዬን አስመጥተን ብንጠምደው አልንቀሳቀስ አለ። ልይዘው ስወርድ «አንተ ውጣና ተቀመጥ፤ ሐኪሙ ተቀመጥ ብሎህ የለም ወይ?» አሉና ልጓሙን ይዘው ከፊት መሩት። ጋቢያቸውን እንደለበሱ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እስከ ገበያው። አንድ ባለባጃጅ አጠገባችን ቀስ አለና «ጌታው፣ ረዳት ሆኑ እንዴ? ሒሳብ ለእርስዎ ነው የሚሰጥ?» አላቸው።

«ባለጋሪው እሱ ነው፤ እሱን ጠይቅ» አሉት፤ ዘወር ብለውም አላዩት።

እኔ ላይ ተቀምጬ ጀርባቸውን አያለሁ። አባቴ የአባታቸውን በቅሎ ሳበ፤ እሳቸው የእኔን ፈረስ ይስባሉ። ገበያው ዳር ስንቆም «ይህን ማን አስተማረዎት?» አልኋቸው።

«ከእኔ የሚበልጥ ጌታ ነው። ክብሩን ትቶ ወደ እኛ ወረደ። የእኔማ አጭር መንገድ ናት። ከፈለግህ ሌላ ቀን እነግርሃለሁ።»

«ዛሬ ይንገሩኝ» አልሁ። እዚያው ጋሪው ጥላ ሥር ተቀምጠው ነገሩኝ፤ ዳማው ሣሩን ይነጫል። በዚያ ቀን አመንሁ። ጌታ ይመስገን።

ወገቤ አልዳነም፤ ተጸልዮልኛል፣ ብርድ ሲሆን ይነሣብኛል። ዳማውም እንደ እኔ አርጅቷል፤ ዛሬም ወደዚህ ያመጣኝ እሱ ነው። ደክሞኛል። ግን ያኛው ድካም፣ ተኝተው ቢያድሩም የማይለቀው፣ ተመልሶ አልመጣብኝም። ከእናንተ መካከል ማንም ሳይመርጠው የቀረ ካለ፣ ጌታን ይመነው። የተረፈውን ሊወስድ ይመጣል።

እሳቸው «በጉባኤ የጌታን ስም እንጂ የእኔን እንዳትጠራ» ብለውኝ ነበርና እስካሁን ታዝዣለሁ። በቀደም ቀበርናቸው፤ ከእንግዲህ አይቆጡኝም። ልጅ አንተነህ ይባላሉ።